የጋሼ አንዳርጌ ቅዳሜዎች

ጋሼ አንዳርጌ ማረፋቸውን የነገረኝ የድሮው የጤና ጣቢያችን ዘበኛ ወርቅነህ ነው። ባሕር ዳር ሥራ ላይ ሳለሁ ደወለልኝ። እንዴት ነሽ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ከብቱስ አለ ወይ ሲለኝ ደግ ወሬ እንዳልያዘ ገባኝ። ከብት እንደሌለኝ አሳምሮ ያውቃል፤ ግን የጎጃም ሰው መርዶ ሲይዝ ሰላምታው ይረዝማል። መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልባቸው ነው አሉ፣ ከትናንት ወዲያ አገራቸው ወስደን ቀበርናቸው አለኝ። ለምን በሰዓቱ አልነገራችሁኝም ብዬ ተቆጣሁት። እሱ ምን ያድርግ፤ የተቆጣሁት ሞታቸውን ነበር።

ስለ እሳቸው ለሰው ማውራት ጀምሬ ጨርሼ አላውቅም። ታሪኩ መሃል ላይ ሲደርስ የሰሚው ፊት ይለወጣል፤ ወይ ይፈራል፣ ወይ ለእኔ ማዘን ይጀምራል። አሁን ግን እሳቸውም የሉም፣ ልጨርሰው።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። የላቦራቶሪ ሙያ ተምሬ ከኮሌጅ እንደ ወጣሁ ዕጣ አውጪ ተባልኩና በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ያለች፣ የአውቶቡስ ሹፌር ሻይ ካላማረው የማይቆምባት ከተማ ደረሰችኝ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ከካርድ ክፍሉ ጎን ያለችውን የላቦራቶሪ በር ስከፍት አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍተው አገኘሁ። ቀና ሳይሉ «ወሎዬዋ ነሽ?» አሉኝ። ነኝ አልኩ። እንግዲያው ቁጭ በይና መቶ ሜዳ ቁጠሪልኝ፣ ሰላምታውን ከዚያ በኋላ እናደርሳለን አሉ።

ሜዳ የሚባለው በማይክሮስኮፑ ቀዳዳ በአንድ ጊዜ የሚታየው ክብ ነው። አንድን ሰው ወባ የለብህም ለማለት መቶ ሜዳ ማየት ደንብ ነው፤ ሁላችንም ተምረነዋል፣ ወረፋ ሲበዛ ደግሞ ሁላችንም እናሳጥረዋለን። ጋሼ አንዳርጌ አያሳጥሩም። ማይክሮስኮፑ የድሮ፣ በአንድ ዓይን የሚታይበት፣ መብራት ሲጠፋ ከሥሩ ባለች ትንሽ መስታወት የፀሐይ ብርሃን የሚለምን ነበር። በእሱ ሲያዩ ስለ ኖሩ ሰው ሲያናግሩም ግራ ዓይናቸውን ጠበብ ያደርጋሉ፤ የማያውቃቸው ሰው ጠረጠሩኝ ብሎ ይቀየማቸው ነበር። ነጭ የደም ሴል ሲቆጥሩ በአውራ ጣታቸው የሚጫኗት የብረት ቆጣሪ ነበረቻቸው፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ስትል መተላለፊያው ላይ የተቀመጠው በሽተኛ ሁሉ ዝም ይላል። አንድ ቀን ስላይድ እያየሁ ከወርቅነህ ጋር ስቀልድ ሰምተው፣ ደም እያየሽ አታውሪ፣ ሰው ቤት ገብተሽ ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አውርቼ አላውቅም።

ያነበቡትን ስላይድ አይጥሉም። ለማረጋገጫ ጥቂቱን ማስቀመጥ ግዴታ ነው፤ እሳቸው ግን ሁሉንም ስምና ቀን እየጻፉ በእንጨት ሳጥን ይደረድሩታል። የወረዳው ሰው ሁሉ እዚህ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል እያልኩ እቀልድባቸው ነበር።

ሚስት አላገቡም። ምነው ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፣ እናኑ ትማርና። እናኑ ታናሽ እኅታቸው ናት፤ የእናታቸው የማኅፀን መቋጫ። አባታቸው ገና በጡት ሳለች ስለ ሞቱ ከአገር አምጥተው ያሳደጓት፣ ያስተማሯት፣ ፀጉሯን ሳይቀር ያበጠሩላት እሳቸው ናቸው። እኔ ሳውቃት ሃያ ዓመቷ ነበር፤ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይታ ትማራለች። ዓርብ ዓርብ ስትመጣ ላቦራቶሪያችን ሌላ ክፍል ይሆናል። የወሎ አነጋገሬን እየቀዳች ታስቀኛለች። ወንድሟን ደግሞ «አንቱ ደም መጣጭ» ትላቸዋለች፤ እሳቸውን እንዲያ የሚደፍር ሌላ ሰው አልነበረም።

ያ ዓመት ወባ የበረታበት ነበር። ዝናቡ ወጥቶ ውኃው በየጉድጓዱ ሲተኛ ወረፋው እስከ ግቢው በር ደረሰ። እናኑ እንዲህ ባለ ቀን ገርጥታ፣ ተኩሷት መጣች። ጣቷን የወጉትም፣ ስላይዱን ያነበቡትም ራሳቸው ናቸው። ተደፉ፣ ወዲያው ቀና አሉ። ወባ ነው አሉ፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት እፎይታ ነው። ወባ የሚድን ነዋ። መድኃኒቱን አስይዘዋት ወደ ወረፋው ተመለሱ። በእኛ ሙያ የለም ለማለት መቶ ሜዳ ያስፈልጋል፤ አለ ለማለት ግን አንዱ ይበቃል። ማንኛችንም ብንሆን እንደሳቸው እንነሣ ነበር።

ትኩሳቱ በረድ አለላት። በሦስተኛው ሳምንት ድዷ ደማ፣ እግሯ ላይ ያልተመታችበት ቦታ ሁሉ በልዞ ወጣ። ጋሼ እንደ ገና ደም ወሰዱና ቆጣሪዋን ያዙ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ቀጭ ቀጩ ፈጠነ፣ ከዚያ የቆጣሪዋ ድምፅና የእጃቸው ሐሳብ ተለያየ፤ ይጫናሉ፣ ግን መቁጠር እንዳቆሙ አየሁ። ተነሥተው ሳጥኑን ከፈቱ። የዚያን ቀኑን ስላይድ አውጥተው ማይክሮስኮፑ ላይ አደረጉና ነይ እዪ፣ ምን እንዳለ ንገሪኝ አሉኝ።

አየሁ። ወባዋ እውነትም አለች፣ አንዲት ቀለበት። በዙሪያዋ ግን ትልልቅ፣ ያልበሰሉ ነጭ ሴሎች፣ ቀለሙ ሐምራዊ ያደረጋቸው፣ ሜዳውን ሞልተውታል። ለማየት ዐዋቂ መሆን አያስፈልግም ነበር።

«አየሽ? ያን ቀንም እዚሁ ነበሩ» አሉ።

አዲስ አበባ ወሰዷት። የደም ካንሰር ነው ተባለ፣ ያውም የሚቸኩለው ዓይነት። ያከመቻት ዶክተር ሰብለ የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። ከእናኑ መቅኒ ላይ ለምርመራ ሲወሰድ ጥቂት ጨምረን ለጥናት እንያዝ ወይ ብላ ጠየቀች። ጋሼ ሊመልሱ ሲሉ እናኑ ቀደመቻቸው፤ ከሞትኩ አፈር ይበላዋል፣ ከዳንኩም ሌላ ይተካልኛል፣ ውሰዱት ምን ይቀርብኛል አለች። ወረቀቱ ላይ የፈረመችውም ራሷ ናት። ለገና ሳምንት ሲቀረው ሞተች። ከቡሬ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሆነው አገራቸው ቀበሯት።

ጋሼ ከለቅሶ ሲመለሱ ሥራቸውን እንደ ድሮው ቀጠሉ፤ እንደ ድሮው ያልሆነ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ወባ ያገኙበትንም ስላይድ መቶ ሜዳ ይቆጥሩታል። ወረፋው ያጉረመርማል፣ ኃላፊው ይቆጣል፣ እሳቸው አይሰሙም።

ከፋሲካ በኋላ የዶክተር ሰብለ መልእክት ደረሳቸው። ለትምህርት ውጭ አገር ሄዳ ነበር፤ የእናኑን ናሙና ይዛ። የጻፈችው ይህን ነው፦ የዚህ በሽታ ሴሎች አብዛኞቹ ከሰው ገላ ወጥተው ብርጭቆ ውስጥ ሲገቡ በጥቂት ቀን ያልቃሉ። በመሃላቸው ግን እንደ ሥር የሆኑ ጥቂቶች አሉ፣ ስቴም ሴል የሚባሉ፤ መድኃኒት ቅጠሉን ሲያረግፍ እነሱ ተደብቀው ቆይተው እንደ ገና ያበቅሉታል። እነሱን አሳድጎ ለማጥናት ከሌላ ሰው መቅኒ በተወሰዱ ሴሎች አልጋ ይነጠፍላቸዋል። ከስንት ናሙና አንዱ ይይዛል። የእናኑ ያዘ።

ጋሼ ይህን ለእኔ አነበቡልኝ። «በሕይወት አለ» አሉ። ምኑ ብዬ አልጠየቅሁም።

ቅዳሜያቸው የተጀመረው ያኔ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረው ፍኖተ ሰላም ይሄዳሉ። መናኸሪያው አጠገብ አንዲት የኢንተርኔት ቤት ነበረች፤ አንድ ገጽ እስኪከፈት አንድ ብርጭቆ ሻይ ያልቃል። ለዶክተሯ የሚጽፉት አንድ መስመር ነው፣ «እንዴት ከረመች?» መልሱን አሳትመው፣ አጥፈው፣ ነጭ ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ይከቱታል። አንድ ቅዳሜ ፎቶ ይዘው መጡ። በማይክሮስኮፕ የተነሣ ነው፤ ከአልጋው ሥር የገቡት ሴሎች ጎን ለጎን ተጣብቀው ተደርድረዋል። በዚያ ሰሞን የከተማው ወጣቶች ተደራጅተው ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ኮብልስቶን ያነጥፉ ነበር፤ ፎቶው ቁርጥ እሱን ይመስላል። ዶክተሯም እንዲያ ነው የሚባለው ብላ ጽፋለች። ጋሼ ፎቶውን ጠረጴዛው መስታወት ሥር አደረጉት። የሚመጣው ሰው ሁሉ የየትኛው መንደር መንገድ ነው ይላቸዋል።

ሴሎቹ ሰኞና ሐሙስ ምግብ ይቀየርላቸዋል። ጋሼ የአገሩን የሰዓት ልዩነት አስልተው፣ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት እንደሆነ ደረሱበት። ሰኞና ሐሙስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። መጀመሪያ ስእለት መስሎኝ ነበር። አንድ ሐሙስ ሽሮ አምጥቼ ብሉ ስላቸው ሰዓታቸውን አዩና «ገና አልመገቧትም» አሉኝ። በማግሥቱ ደፍሬ፣ ጋሼ እሷ እኮ አይደለችም አልኳቸው። ግራ ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ።

«አውቃለሁ። ከአንቺ በፊት አውቃለሁ» አሉ።

ቅዳሜም ሄዱ፣ እንዴት ከረመችም አሉ። ከእሳቸው ጋር አንድ ክፍል መዋል አስፈርቶኝ ነበር፤ አልዋሽም፣ ዝውውርም ጠይቄያለሁ።

የእናኑ ሙት ዓመት ሲቃረብ ነገሩ ከሁለታችን እጅ ወጣ። እናታቸው እማማ የውብዳር በአርባው ቀን ከሐዘን ብዛት አልጋ ይዘው ስለ ነበር ተዝካሩ ለዓመቱ ተሻግሯል። ጋሼ ለድግሱ አገራቸው ሲወርዱ እናታቸው ጥንስሱን እያማሰሉ ሲያለቅሱ አገኟቸው። ሊያጽናኑ ብለው፣ እማዬ አታልቅሺ፣ ደሟ አልሞተም፣ በውጭ አገር በብርጭቆ ውስጥ እያደገ ነው አሏቸው። እማማ የውብዳር ማማሰያውን አስቀመጡ። ጋኑን ከደኑ። ካህናቱ ጋ ሰው ልከው፣ ላልሞተ ሰው ተዝካር አላወጣም አሉ።

ይህን የነገሩን የእማማ የነፍስ አባት ናቸው። በበቅሎ ቡሬ ድረስ፣ ከዚያ በመኪና፣ ጤና ጣቢያው ድረስ መጡ። ጋሼ መስቀል ተሳልመው ወንበር ሰጧቸው። እኔ ልውጣ ስል ቄሱ ተቀመጪ አንቺም የሙያው ሰው ነሽ አሉኝ። እናትህ በየማለዳው የእናኑን ጋቢ አውጥታ ፀሐይ ታሰጣለች አሉ። ራቷን ለሁለት ትከፍላለች። ሕፃን የሆነች እንደሆን ማን ያጠባታል ብላ ጎረቤት ትጠይቃለች። ከዚያ መቋሚያቸውን አገላብጠው ያዙና የመጡበትን ነገር ተናገሩ።

«እኔን የጠየቀችኝ፣ በብርጭቆ ያደገ ሰው ዳግም ጥምቀት ያሻው እንደሁ ነው። ልጄ፣ መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ መልስ የለኝም። አንተ ነህ የጀመርከው፣ አንተው ጨርሰው።»

ጋሼ ቀኑን ሙሉ አንድ ስላይድ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ቅዳሜን አልጠበቁም፤ በማግሥቱ ፍኖተ ሰላም ሄደው፣ እባክሽ ድፊው፣ እናቴ ልጇን መቅበር አልቻለችም ብለው ለዶክተሯ ጻፉ። መልሷ በሦስተኛው ቀን መጣ። ቤተሰቡ ይቅር ካለ ወዲያው አቆማለሁ አለች። ግን አንድ ነገር እወቁ ብላ ጨመረች፤ ይህ ያሳደግነው እናኑ አይደለም፣ እናኑን የገደላት በሽታ ሥሩ ነው። እስከ ዛሬ እጃችን ገብቶ አያውቅም፣ አሁን የትኛው መድኃኒት እንደሚጎዳው ልንሞክርበት ጀምረናል፤ ውሳኔው የናንተ ነው። ጋሼ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ እሑድ አገር አብረሽኝ ትወርጃለሽ አሉኝ፣ ማይክሮስኮፑን ተሸክመን።

የመንግሥት ንብረት ያለ መውጫ ወረቀት አይወጣም ብዬ ተከራከርኩ። በነጠላ ጠቅልለው አዘሉት፤ ወርቅነህም በር ላይ ሲያየን ወደ ባሕር ዛፉ ዞሮ ቆመ። ከቡሬ በእግር ሄድን። ዘግይቶ የተዘራው ኑግ አብቦ ሜዳው ቢጫ ነበር፣ የግብጦው ማሳ ከጎኑ ሰማያዊ። ጋሼ የእናኑን የመጀመሪያ ቀን ስላይድ ከሳጥኑ አውጥተው በኪሳቸው ይዘውታል፤ መንገዱን ሁሉ እየደጋገሙ ይዳብሱታል።

እማማ የውብዳር አጭር፣ አጥንታቸው የጠነከረ ሴት ናቸው። ሳያስለቅሱን ተቀበሉን፤ ቤቱ የሐዘን ቤት አይመስልም፣ እንግዳ የሚጠብቅ ቤት ነው። የእናኑ ጋቢ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። የነፍስ አባታቸውም መጡ። ጋሼ ግቢው መሃል በርጩማ አስቀምጠው ማይክሮስኮፑን አኖሩ፣ መስታወቷን ወደ ፀሐይ አዙረው ስላይዱን አስገቡ። እናታቸውን እጃቸውን ይዘው አስጎነበሷቸው፤ በልጅነቷ እናኑን እንዲሁ ያሳይዋት እንደ ነበር የነገሩኝ ትዝ አለኝ።

እማማ ብዙ ጊዜ አዩ። ጋሼ፣ ይህ የእናኑ ደም ነው አሏቸው።

«የትኛው ነው የልጄ?» አሉ እማማ፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ።

ትንንሾቹ ቀላ ያሉት፣ እንደ ምስር የተበተኑት የእሷ ናቸው፣ ትልልቆቹ ሐምራዊዎቹ በሽታው ነው አሏቸው።

«በብርጭቆ ያለውስ?»

ቄሱ መሬት መሬት ያያሉ። «ሐምራዊው ነው እማዬ» አሉ ጋሼ። «ሐምራዊው ብቻ ነው። የእሷ ምንም የለም።» እዚያ ላይ ቢያቆሙ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። አላቆሙም። ስላይዱ የተወሰደው መጀመሪያ የመጣች ቀን እንደሆነ፣ ሐምራዊው ያኔም እንደ ነበር፣ ወባ አይተው ስለ ተነሡ እንዳላዩት፣ ሁሉንም ነገሯቸው። እኔ ማልቀስ ጀምሬያለሁ።

እማማ ቀና አሉ። ቢታይስ ትድን ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ጋሼ አላውቅም አሉ። «እኔም አላውቅ» አሉ እማማ። ሄደው ጋቢውን ከአጥሩ ላይ አወረዱ፣ አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ያኔ ነው ያለቀሱት፣ ድምፅ ሳያወጡ። ልጃቸው በዚያች ሰዓት የሞተች ያህል ነበር።

ሲረጋጉ ቄሱ፣ እንግዲህ ይደፋ ይባል ወይ ብለው ጠየቁ። እማማ ስለ ወንድማቸው ነገሩን። ልጅ ሳሉ ወንድማቸው በወሰን ጠብ ተገደለ። ገዳዩ ተያዘ፤ ጎረምሶቹ እዚያው ሊጨርሱት ሲነሡ አባታቸው መሃል ገብተው፣ ይኼ ከሞተ የላከውን ማን ይነግረናል ብለው ከለከሉ። ክረምቱን ሙሉ ጎተራው ሥር ታስሮ ከረመ። ምግቡን የምታቀርብለት የሟቹ እናት ነበረች። እህሉን ስታቀርብ ፊቷን ታዞር ነበር፣ ግን አንድ ቀን አላጓደለችበትም። በመስከረም ተናገረ።

«እንግዲህ አይድፉት» አሉ እማማ። «ታስሮ ይኑር፣ ይብላ። ግን በምን እንደሚሞት ሳይናገር እንዳይሞት በላት ለዶክተሯ። አንተም ካሁን ወዲያ እንዴት ከረመች ብለህ አትጠይቅ። እሷ ሂዳለች። ተናገረ ወይ ብለህ ጠይቅ።»

ተዝካሩ በሁለተኛው ሳምንት ወጣ፤ እኔም ሄጄ ወጥ ቤት ስባዝን ዋልኩ። ጋሼም ከዚያ በኋላ ሰኞና ሐሙስ ምሳቸውን በሰዓቱ በሉ። ቅዳሜ ግን አልቀረም። አሁን የሚጽፉት «ተናገረ ወይ?» ብለው ነው። አንዳንዴ ጥቂት ይናገራል፤ ይኼኛው መድኃኒት ብቻውን አልነካውም፣ ከዚያኛው ጋር ሲሆን ግን ግማሹ ሞተ የሚል ወረቀት ይመጣል። ጋሼ አገራቸው ሲወርዱ ለእማማ ይተረጉሙላቸዋል። እማማም ለጎረቤት ስለ ጠብ እንደሚነገር ይናገራሉ፤ ያ እስረኛ ትናንት ትንሽ ለሰለሰ ይላሉ። ዝውውሬ ሲመጣልኝ ጋሼን በደኅና ሁኔታ ትቻቸው የሄድኩ መስሎኝ ነበር። በየበዓሉ ስደውልላቸው፣ እስረኛውስ ጋሼ ስል፣ ገና ነው ይሉኛል።

ከወርቅነህ ስልክ በኋላ እሷን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ እኔው ለዶክተር ሰብለ መርዶውን ጻፍኩላት። የድሮ አድራሻዋ አሁንም ይሠራ ነበር። መልሷ ረጅም ነው፣ በአንድ ትንፋሽ አልጨረስኩትም።

ሴሎቹ ያደጉት ለሦስት ዓመት ያህል ነው። በመጨረሻ ለመጠባበቂያ አቀዝቅዘው ያስቀመጧቸው ጠርሙሶች ሲወጡ ሴሎቹ አልነቁም። እንዲህ ነው፣ አንዳንዴ አይነቁም። የተማርነውን ተምረናል፣ ዋናውን ግን አልነገረንም ብላ ለጋሼ ወዲያው ጻፈችላቸው። እሳቸውም አመስግነው መለሱላት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን እንደ ወትሮው አንድ መስመር መጣላት፣ ያውም የድሮው፣ «እንዴት ከረመች?» መልእክቱ ያልደረሳቸው መስሏት እንደ ገና አስረዳች። ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ አሏት። በሳምንቱ ደግሞ፣ እንዴት ከረመች? ዶክተሯ ወር ያህል መልስ አልሰጠችም፤ እሳቸው አላቋረጡም። አምስተኛው ቅዳሜ ላይ ምን እንደ ነካት አታውቅም፣ «ደኅና ናት» ብላ ጻፈች። ከዚያ ስድስት ዓመት፣ በየሳምንቱ ይጠይቋታል፣ በየሳምንቱ ደኅና ናት ትላቸዋለች። ስልካቸው ኢንተርኔት ከያዘ በኋላም ፍኖተ ሰላም መሄዳቸውን አልተዉም። ሐኪም ነኝ፣ እንዲህ ማድረግ አልነበረብኝም ብላ ነበር የጨረሰችው።

ወረቀቱን አሳትሜ ያዝኩና ለለቅሶ ወረድኩ። እማማ የውብዳር ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ አወቁኝ። አልቅሰን ስንጨርስ ለቀስተኛውን ትተው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ፣ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ያ እስረኛ ተናገረ ወይ፣ ካሁን በኋላ የሚጠይቅልኝ የለም፣ አንቺ ንገሪኝ አሉ።

ልዋሻቸው አስቤ ነበር። አፌ እምቢ አለ። ሞቷል እማማ፣ ዋናውን ሳይናገር ሞተ፣ ስድስት ዓመቱ ነው አልኳቸው። ልጃቸው ያውቁ እንደ ነበርም ጠየቁኝ፤ ያውቁ ነበር አልኩ። እጃቸው እጄ ላይ ጠበቀ።

«ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንን ሲጠይቅ ነበር?»

«እናኑን» አልኳቸው።

ከውጭ የአልቃሽዋ ድምፅ ይሰማል። እማማ የተቆጡ መሰለኝ።

«ምን እያሉ ይመልሱለት ነበር?»

«ደኅና ናት ይሏቸው ነበር።»

እጄን ለቀቁኝና የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «ይሁን» አሉ። «እኔን ጠይቆኝ ቢሆንም እንደዚያው ነበር የምለው።»